ትርፍራፊው የማን ነው? ስለ ዓሣ መኖና ስለ ሮቤ ደጋ

(ከሮቤና ከአካባቢው የመጣን ተማሪዎች በኅብረቱ ስብሰባ ላይ ያሰማነው ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን የቀረበውን ሐሳብ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከተማሪዎች ምግብ ቤት በየቀኑ የሚወጣውን ትርፍራፊ ሰብስቦ፤ አድርቆና ፈጭቶ የዓሣ መኖ ማድረግ፤ በዚያም መኖ በሮቤና በአካባቢው ደጋ ኩሬ እየቆፈሩ ዓሣ ማርባት ይቻላል የሚል ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ። እኛም ሐሳቡን ወደድነው፤ የሮቤ ልጆች ነንና አገራችን በስንዴና በገብስ ብቻ ሳይሆን በዓሣም ስሟ ቢነሣ ደስ ይለናል። ነገር ግን በዚያ ቀን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ቀረ፤ ዛሬ እዚህ የቆምነውም እሱን ለማንሣት ነው። ይህ ትርፍራፊ የምንለው ነገር አሁን የሚበላው ማን ነው?

ጥያቄው ሐሳቡን ለማፍረስ የተሰነዘረ አይደለም። ጥያቄው ከተመለሰ ሐሳቡ ይቆማል፤ ካልተመለሰ ግን በወረቀት ላይ ያማረ፤ በኩሬ ውስጥ የሸተተ ነገር ይሆናል ብለን እንፈራለን።

በመጀመሪያ ስለ መኖ ጥቂት እንበል። ዓሣ የሚያረባ ሰው የዓመት ወጪውን ቢደምር ግማሹን፤ ብዙ ጊዜም ከግማሽ በላዩን የሚወስድበት መኖ ነው። ኩሬ አንድ ጊዜ ይቆፈራል፤ የዓሣ ጫጩትም በየወቅቱ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ መኖ ግን የየዕለት ዕዳ ነው። ዓሣ ደግሞ እንደ በሬ ጭድ በልቶ የሚያድር ፍጥረት አይደለም። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ከመቶ ከ25 እስከ 35 እጅ ፕሮቲን ያለበትን መኖ ሲያገኝ ነው፤ አምባዛ ከዚያ ከፍ ያለ ይፈልጋል፤ ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ደግሞ ከመቶ 40 እጅና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። የስንዴ ፍሩሽካ ያለው ከ15 እስከ 17 እጅ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ መኖ ተወደደ ማለት ፕሮቲን ተወደደ ማለት ነው፤ ሆድ የሚሞላው ነገርማ በየትም አይጠፋም።

ዓለም ይህን ፕሮቲን ለብዙ ዘመን ያገኘው ትንንሽ የባሕር ዓሣ እየጠመደ፤ አድርቆና ፈጭቶ ነው። ዓሣን በዓሣ መቀለብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የፔሩ አንቾቪ ሲመናመን የመኖ ዋጋ እስከ አሜሪካና እስከ አውሮፓ ዶሮ ቤቶች ድረስ ተናወጠ። ከዚያ ወዲህ የዓሣ እርባታ እጅግ ሰፍቷል፤ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2022 በእርባታ የተገኘው የውኃ እንስሳ በማጥመድ ከተገኘው ለመጀመሪያ ጊዜ በለጠ። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ግምት ደግሞ ለሰው ከሚመረተው ምግብ ሢሶው ያህል ይጠፋል ወይም ይባክናል። በአንድ ወገን የመኖ እጦት፤ በሌላው ወገን የሚባክን ምግብ። ሁለቱን እናጋባ ማለት ከማንም አእምሮ የሚፈልቅ ሐሳብ ነው። በለንደን ወይም በኒው ዮርክ ለተቀመጠ ሰው ሒሳቡም ግልጽ ነው፤ ለትርፍራፊው የሚከራከር የለም፤ አብዛኛው በመኪና ተጭኖ ሄዶ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ሒሳቡ ሮቤ ሲደርስ ግን ይለወጣል።

እስቲ በሐሳባችን በሮቤ ከተማ እንዘዋወር። ከጠላ ቤት እንጀምር። ጠላው ተጠጥቶ ካለቀ በኋላ በጋኑ ውስጥ የሚቀረውን አተላ ባለቤቲቱ ትደፋዋለች የሚል ሰው ካለ፤ ያ ሰው ጠላ ቤት ገብቶ አያውቅም። አተላው የጎረቤት ላም አለችው፤ ደንበኛ አለው፤ ማልዶ ባልዲ ይዞ የሚመጣ ልጅ አለው። የአረቄውም አተላ እንዲሁ ነው፤ በሬ ለማድለብ ተፈላጊ ነው። የድንቹ ልጣጭ ለበግ ነው። በገበያ ቀን ማታ ነጋዴው ጓዙን ሲጠቀልል፤ የወደቀውን የጥቅል ጎመን ቅጠል አህዮችና ፍየሎች ከማንኛችንም ቀድመው ይደርሱበታል። የወፍጮ ቤቱ ብናኝ የዶሮ ነው። የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል፤ ድርቆሹም ፍርፍር ሆኖ ወደ ገበታ ይመለሳል። አጥንቱ የውሻ ነው። አሰላም ቢሆን ያው ነው፤ ከብቅል ፋብሪካ ከሚወጣው ተረፈ ገብስ ጀምሮ ላም የሚበላው ነገር ሁሉ በወተት ከብት አርቢዎች ዘንድ የሚፈለግ፤ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው።

እበቱስ? የሚል ይኖራል። በእርግጥ በብዙ አገር ርካሽ የዓሣ መኖ ማለት ለዓሣው የሚሰጥ ሳይሆን ለውኃው የሚሰጥ ነው። እበት ኩሬው ውስጥ ይገባል፤ ውኃው አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴውን ረቂቅ ተክልና በሱ ላይ የሚኖሩትን ነፍሳት ዓሣው ይመገባል። በደቡብ ቻይና በፐርል ወንዝ አፍ የነበሩ ገበሬዎች በዚህ ጥበብ የታወቁ ነበሩ። በኩሬው ዳር የሐር ትል የሚመገበውን ዛፍ ይተክሉ ነበር፤ ቅጠሉን ለትሉ፤ የትሉን ኩስ ለኩሬው፤ የኩሬውን ጭቃ መልሰው ለዛፉ ይሰጡ ነበር። የሚያስቀና ሥርዓት ነበር። በእኛ ደጋ ግን እበት ኩበት ነው፤ ኩበትም እሳት ነው። ለኩሬ የሚሰጥ እበት ከእናቶቻችን ምድጃ የሚነሣ ነው፤ እሱ ሲጎድል የሚቆረጠው ዛፍ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። የተማሪ ምግብ ቤት ትርፍራፊ በከተማ ቋንቋ ስም አለው፤ «ቡሌ» ይባላል። በአዲስ አበባ ጎዳና ያደገ ልጅ ይህን ቃል ያውቀዋል። ከሆቴልና ከተማሪ ምግብ ቤት የሚወጣ ድብልቅልቅ ምግብ፤ እየተሰፈረ ለጎዳና ልጆችና ለቀን ሠራተኞች የሚሰጥ ወይም የሚሸጥ ነው። ስለ ቡሌ ደግ ነገር ልንናገር አንችልም፤ ሰው የሌላውን ሰው ጉራሽ ገዝቶ መብላቱ ለማናችንም ኩራት አይደለም። ይሁን እንጂ ነገ ጧት «ትርፍራፊው ለዓሣ ተመድቧል» ብለን በሩን ብንቆልፍ ጣሳ ይዞ የቆመው ልጅ ምን ይበላል? ዓሣው አድጎ ለገበያ ሲወጣስ የሚገዛው እሱ ነውን? በሳይንስ ስም ከድኻ አፍ ነጥቀን «ቆሻሻን ወደ ሀብት ለወጥን» ብለን በዚህ ጋዜጣ ብንጽፍ፤ ጽሑፉን ለማንበብ እናፍራለን።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አርሲ ይህን ትምህርት ከዚህ ቀደም ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፤ አባቶቻችን «ካዱ» የሚሉት፤ የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። የተሻለ የስንዴ ዘር፤ ማዳበሪያ፤ የተዳቀለች ላም። ዘሩ ሠራ፤ ማዳበሪያውም ሠራ። በመሥራቱም መሬቱ የሚያዋጣ ሆነ። መሬቱ ሲያዋጣ ባለመሬቱ ትራክተር አመጣ፤ ትራክተሩ ሲመጣ ጭሰኛው ከመሬቱ ተነሣ። ዘዴው ከሽፎ ቢሆን ኖሮ ጭሰኛውን ማንም አይነካውም ነበር፤ የተነካው ዘዴው ስለ ሠመረ ነው። የስዊድኖቹን ቅን ልቡና አንጠራጠርም፤ ግን ቅን ልቡና የማን እጅ ቀድሞ እንደሚዘረጋ አያውቅም።

አተላም እንደዚያው ነው። ዛሬ የሚረክሰው የምትፈልገው ላም ብቻ ስለሆነች ነው። ገንዘብ ያለው ዓሣ አርቢ መጥቶ በየጠላ ቤቱ በርሜል ቢያስቀምጥ የአተላው ዋጋ በአንድ ወር ይለወጣል። ጠላ ሻጯ ጥቂት ታተርፋለች፤ ይህ መልካም ነው። አንዲት ላም ያላት መበለት ግን ባልዲዋን ባዶ ይዛ ትመለሳለች። ስለዚህ «ርካሽ መኖ» ስንል ለማን ርካሽ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው በመካከላችን መኖር አለበት።

ሒሳቡንም ቢሆን እንየው፤ በስሜት ብቻ የምንናገር እንዳይመስላችሁ። መቶ ኪሎ ትርፍራፊ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛው ያህል ውኃ ነው፤ ሲደርቅ 25 ኪሎ ቢቀር ነው። አንድ ኪሎ ዓሣ ለማግኘት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈጃል ብንል፤ ይኸውም ለደካማ መኖ ቸርነት የበዛበት ግምት ነው፤ ከመቶው ኪሎ የምናገኘው ከ8 እስከ 12 ኪሎ ዓሣ ነው። ማድረቂያው ደግሞ ማገዶ ይፈልጋል፤ በክረምት በሮቤ ፀሐይን ተማምኖ እንጀራ የሚያሰጣ ሰው የለም። ጨውና በርበሬ ያለበት፤ ዘይት የተነከረ ወጥ መሆኑም አይረሳ፤ ዘይት ያለበት ነገር ሲቀመጥ ይከረፋል።

ሁለተኛው ነገር ብርድ ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ብንቆይ ቅር አይበላችሁ፤ ባለፈው ውይይት ጨርሶ አልተነሣምና። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ሮቤም በዚያው ደጋ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሲጥል ምን እንደሚመስል ለደጋ ልጅ አይነገረውም። ሁላችንም ዓሣ ሲባል በዐይናችን የሚመጣው ቆሮሶ የሞቃት ውኃ ፍጥረት ነው። ኑሮው በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቅ፤ በስምጥ ሸለቆው ሙቀት ነው። ውኃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ዕድገቱ ያዘግማል፤ ወደ 16 ሲጠጋ መብላቱን ይተዋል፤ 10 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይሞታል። ስለዚህ ሮቤ ላይ ቆሮሶ ጥሎ መኖ መፈለግ፤ ለታመመ ሰው ድግስ እንደ መደገስ ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ያልተበላው መኖ ነው። መኖ በኩሬ ውስጥ ሲቀር ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም ዓሣው የሚተነፍሰውን ኦክሲጅን ይጨርሳል። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውኃው የሚይዘውም ኦክሲጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ብርዱ በጥቂቱ ይክሰዋል እንጂ ፈጽሞ አይሞላውም። ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ ሁሉ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው ሲያፏጩ ያየ አርቢ፤ መኖው ዓሣውን እንዳነቀው ይወቅ። ርካሽ መኖ ሲያገኙ አብዝቶ መጣል የሰው ባሕርይ ነውና ርካሽ መኖ ከውድ መኖ ይልቅ ኩሬን ይገድላል።

ታዲያ በደጋ የሚሆን ዓሣ የለም ወይ? አለ። ትራውት ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ውስጥ ተለቆ ይኖራል፤ ብርድ ይወዳል። ግን ጥሩ ወራጅ ውኃና ከሁሉ የበለጠ ፕሮቲን የሚፈልግ የባለጸጋ ዓሣ ነው። ለእኛ የሚሻለው ካርፕ ነው። በአማርኛ ዱባ ይባላል፤ ሮቤ ላይ «ዱባ እናረባለን» ብንል ሰው ወደ ጓሮው ነው የሚያይ፤ ስሙን በጊዜ ማስተካከል ሳይሻል አይቀርም። ይህ ዓሣ በሞቀ ውኃ ፈጥኖ ያድጋል፤ በብርድ ጊዜ ደግሞ ዕድገቱን አቁሞ ይታገሣል እንጂ አይሞትም። ጭቃውን እየቆፈረ ትልና ነፍሳት ይለቅማል፤ እህልም ይበላል። ብዙ አያጓጓም፤ ሲበሉትም አጥንት ይበዛዋል። የሚገባን ግን እሱ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ላም የማትበላው፤ በግ የማይነካው፤ ድኻም ቆሞ የማይጠብቀው ነገር በሮቤ አለን? አለ፤ እንዲያውም ከፍተኛ ፕሮቲን ያለው እሱ ነው። ደም ነው። በየቄራውና በየሥጋ ቤቱ ጓሮ መሬት የሚጠጣው ደም። ከአንድ በሬ 10 ሊትር ያህል ደም ይገኛል፤ ሲደርቅ ወደ 2 ኪሎ ይወርዳል፤ ከዚህ ደረቅ ነገር ግን ከመቶ 80 እጅ ያህሉ ፕሮቲን ነው። አሠራሩ የሚያስቸግር አይደለም። ትኩስ ደም በንጹሕ ዕቃ ይቀበሉታል፤ እየማሰሉ ይቀቅሉታል፤ ሲረጋ ውኃውን ያጠሉታል፤ የረጋውን በትነው ያደርቁታል፤ ከዚያም ይፈጩታል። እሳቱ ካየለበት ፕሮቲኑ ለዓሣው አንጀት አይፈጭም፤ ስለዚህ ጥቁር እስኪሆን ማሳረር አይገባም። ብቻውንም አይበቃም፤ ለዓሣ የሚያስፈልጉ አንዳንድ የፕሮቲን ክፍሎች ይጎድሉታልና ከሌላ ጋር መደባለቅ አለበት። ለምሳሌ 60 ኪሎ ፍሩሽካ፤ 33 ኪሎ የኑግ ፋጉሎና 7 ኪሎ የደረቀ ደም ቢደባለቅ ከመቶ ወደ 26 እጅ ፕሮቲን ያለው መኖ ይወጣል፤ ለካርፕ መጀመሪያ ይሆናል። ፍሩሽካውና ፋጉሎው በገንዘብ የሚገዛ ነው፤ አልካድንም። ከውጭ ከሚመጣ የዓሣ ዱቄት የሚያድነን ግን ሰባቱ ኪሎ ነው።

በዚህ ስፍራ ላይ ዝም ተብሎ የማይታለፍ ነገር አለ። ደም በእስልምናም በክርስትናም ለመብል የተከለከለ ነው፤ አርሲ ደግሞ ሁለቱም ሃይማኖቶች ጎን ለጎን የሚኖሩባት አገር ናት። ዓሣ ለሁለቱም የሚመች ምግብ ነው፤ የማን እጅ አረደው የሚል ጥያቄ አይነሣበትም፤ ይህም በአንድ ገበታ ለመቀመጥ ለሚወድ ሕዝብ ትልቅ ነገር ነው። ግን ደም የበላ ዓሣስ? እኛ ተማሪዎች ፈራጆች አይደለንም። መጠየቅ ያለባቸው ሼኾቹና ቀሳውስቱ ናቸው፤ መጠየቅም ያለባቸው ኩሬው ከመቆፈሩ በፊት ነው። ገዢው ነገሩን ከጎረቤት ወሬ ከሰማው፤ የሰማው እውነት ቢሆንም ባይሆንም፤ ገበያው ያን ቀን ያበቃል። መልሳቸው «አይሆንም» ከሆነም ደሙን ትተን ሌላ እንፈልጋለን።

ሌላው ባለቤት የሌለው ነገር ፈርስ ነው፤ ከብቱ ሲታረድ ከሆዱ የሚወጣው። ይህን ዓሣ እንዲሁ አይበላውም፤ የሚበላለት ሌላ ፍጥረት ያስፈልጋል። ጥቁር ወታደር ዝንብ የምትባል አለች፤ የሳይንስ ስሟ ሄርሜሺያ ኢሉሰንስ ነው። እንደ ቤት ዝንብ ምግባችን ላይ አታርፍም፤ አትናከስም፤ ካደገች በኋላ ጥቂት ቀን ብቻ ኖራ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። ዕጯ ግን ሆዳም ነው፤ የበሰበሰ ፍሬ፤ ፈርስ፤ የተበላሸ ምግብ ሁሉ ይበላል። መቶ ኪሎ እርጥብ ቆሻሻ በሁለት ሳምንት ገደማ ከ10 እስከ 20 ኪሎ እርጥብ ዕጭ ይሰጣል፤ ከዕጩ ደረቅ ክፍል ከመቶ 40 እጅ ያህሉ ፕሮቲን ነው። በናይሮቢ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ ብዙ ሠርቶበታል፤ የአውሮፓ ማኅበርም የነፍሳትን ፕሮቲን ለዓሣ መኖ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እዚህም ግን ብርዱ ይጠብቀናል። ዕጩ በደንብ የሚያድገው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ዝንቧም ያለ ብርሃንና ያለ ሙቀት አትዳቀልም። ሮቤ ላይ ሙቅ ቤት ሠርቶ ዝንብ ማርባት፤ ሰውና ጥጃ በብርድ በሚያድሩበት አገር፤ ለአሁኑ ከቅንጦት እንቆጥረዋለን።

ስለዚህ የኛ አስተያየት፤ የዝንቡም ሆነ የትልቁ መኖ ሥራ ቦታው ሮቤ ሳይሆን ቆላው ነው፤ ባቱና መቂ። እዚያ ሙቀት አለ። በመስኖ የሚመረት ቲማቲምም አለ፤ ገበያ ሲወድቅ በማሳ ላይ የሚበሰብስ። ከሁሉም በላይ የዓሣ ተረፈ ምርት አለ። ከአንድ ቆሮሶ ተገፍፎ የሚወጣው ሥጋ የክብደቱ ሢሶ ያህል ነው፤ ሁለት እጁ ጭንቅላት፤ አጥንትና ሆድ ዕቃ ነው። በሐይቁ ዳር አባ ኮዳ ተሰልፎ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፤ እሱም ባለመብት ነው ከተባለ እናካፍለዋለን። የዓሣው ሆድ ዕቃ ተከትክቶ ከስኳር ፋብሪካ በሚወጣ ሞላሰስ ተለውሶ፤ እርሾ ተጨምሮበት፤ አየር በማያስገባ በርሜል ቢታሸግ ሳይበሰብስ ይብላላል። የግብርና ሰዎች ገፈራ ይሉታል፤ ለከብት ሣር የሚሠራው ዓይነት ነው። እንጀራና ቆጮ የሚያቦካ ሕዝብ ይህን ለመማር መምህር ከሩቅ አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ በፍሩሽካ አድርቆ ወደ ደጋ መላክ ይቻላል። ፍሩሽካው ከእኛ ይወርዳል፤ መኖው ወደ እኛ ይወጣል።

ስለ ሻጋታ ደግሞ አንድ ቃል። «ለሰው የማይሆን ለዓሣ ይሁን» የሚለው አነጋገር አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ የትራውት ማርቢያዎች ዓሦቹ በጉበት ካንሰር በብዛት አለቁ፤ ሲመረመር ምክንያቱ በመኖው ውስጥ የነበረው የሻገተ የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ቱርክ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች በሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ረገፉ። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ውስጥ ይኸው መርዝ መገኘቱ ሲነገር፤ ዋናው ምንጭ ለላሞቹ የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ መሆኑ ተገልጿል። ከላይ በቀመርነው ድብልቅ ውስጥ 33 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ አለና ነገሩ በቀጥታ ይመለከተናል። የታፈገ መጋዘን፤ እርጥብ ጆንያ፤ የክረምት ርካሽ ግዢ፤ እነዚህን መሸሽ ነው። የሻገተ እንጀራም በጉን አይገድለው ይሆናል፤ ለዓሣ ግን አይጣል። ትርፍራፊን ሳይቀቅሉ መስጠትም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 እንግሊዝን ያስለቀሰው የአፍተግር ወረርሽኝ ባልተቀቀለ ትርፍራፊ ከተቀለቡ አሳማዎች እንደ ተነሣ ይታመናል፤ አውሮፓውያን ከዚያ ወዲህ የወጥ ቤት ትርፍራፊ ለእርባታ እንስሳት እንዳይሰጥ ከልክለዋል።

አሁን ለኅብረቱ የምናቀርበውን እንናገር። ኩሬ ለመቆፈር ገንዘብ ከመለመናችን በፊት አንድ ወር እንመዝን። ከምግብ ቤቱ የሚወጣው ትርፍራፊ በየምግቡ ሰዓት ይመዘን፤ ማን እንደሚወስደውም ይጻፍ፤ የሚወስዱት ሰዎች ስማቸው አይጻፍ፤ ስንት እንደሆኑና ለምን እንደሚወስዱት ብቻ ይበቃል። ሰው የሚበላው ክፍል ከገበታው ሳይደባለቅ እንዲነሣ፤ በንጹሕ ዕቃ እንዲቀመጥና በክብር እንዲሰጥ ለምግብ ቤቱ አስተዳደር እናመልክት፤ ይህ ከዓሣው ሥራ ጋር ባይያያዝም ልንሠራው የሚገባ ነው። ላም የሚበላው ለባለላሞቹ ይቅር። ከዚያ ወዲያ የሚተርፍ ካለ፤ ካለ ብለናል፤ የዓሣው ድርሻ እሱ ነው።

በዕረፍቱ ወደ ሮቤ የምንወርድ ደግሞ ሁለት ነገር እንሠራለን። አንደኛ፤ በየሥጋ ቤቱ በሳምንት ስንት ከብት እንደሚታረድና ደሙ የት እንደሚሄድ እንጠይቃለን፤ በዚያውም የሃይማኖት አባቶችን ሐሳብ እንሰማለን። ሁለተኛ፤ በአንድ የታቆረ ውኃ ውስጥ ቴርሞሜትር አስገብተን ጎህ ሲቀድና በዘጠኝ ሰዓት ሙቀቱን እንጽፋለን፤ ይኸውም በየቀኑ፤ ሳይታለፍ። የሰበታው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልና የባቱው ማዕከል ስለ ካርፕ ጫጩት ስንጠይቃቸው መጀመሪያ የሚጠይቁን ይህንኑ ነው፤ ባዶ እጃችንን መሄድ አንፈልግም። ከእንስሳት ሕክምናና ከኬሚስትሪ ክፍል መምህራን ደግሞ የደረቀውን ደምና ፋጉሎውን የሚመረምርልን እንለምናለን።

ቴርሞሜትሩ አለን፤ ሚዛኑ የለንም። ሃምሳ ኪሎ የሚያነሣ ሚዛን የሚያውስ መምህር ወይም ተማሪ ቢኖር ለኅብረቱ ጸሐፊ ይንገርልን። የመዘጋቢዎች ስም ዝርዝር በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፏል፤ በቀን ሦስት ሰው ያስፈልገናል፤ እስካሁን የተጻፈው የአሥራ አንድ ሰው ስም ነው። የመጀመሪያው ተራ ሰኞ ከምሳ በኋላ ነው፤ ከምግብ ቤቱ በስተጓሮ ባለው በር እንገናኛለን። አሮጌ ካፖርት ያለው ለብሶ ይምጣ።